ሥራውን ሳይሠራ ከቀረ ተቋራጭ ገንዘብን ማስመለሻ ሕጋዊ መንገዶች

ጥንድ በሬውን ሸጦ ለጉድጓድ ቆፋሪ ቅድሚያ ክፍያ የሰጠ አርሶ አደር፣ ዕቁብ ደርሷት ገንዘቡን ቤት ለሚሠራላት ተቋራጭ ያስረከበች የከተማ ነዋሪ፣ ለዶሮ ቤት ግንባታ ገንዘብ ያዋጡ የማኅበር አባላት አንድ ዓይነት ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ሥራው ግን አልተጀመረም። ስልክ ሲደወል "የፊታችን ሰኞ እንገባለን" ይባላል፤ ሰኞው ይመጣል፣ ያልፋል። ክረምት ሲገባም ጉዳዩ ለመጪው በጋ ይተላለፋል።

በዚህ ጥበቃ ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ ራሱ ኪሳራ ነው። ምስክር ይረሳል፣ ተቋራጩ አድራሻ ይቀይራል፣ ንብረቱም ወደ ሌላ ሰው ስም ሊዞር ይችላል። ሕጉ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ግልጽ ቅደም ተከተል አስቀምጧል፤ ማስረጃ መሰብሰብ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ውሉን መሰረዝ፣ ክስ ማቅረብና ፍርዱን ማስፈጸም። ብዙዎች ገንዘባቸውን የሚያጡት ሕጉ መብት ስላልሰጣቸው አይደለም፤ ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱን በመዝለላቸው ወይም በማዘግየታቸው ነው።

ውሉ በሕግ ፊት ያለው ቦታ

በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ሥራ ሠርቶ ለማስረከብ፣ ሌላው ደግሞ ዋጋውን ለመክፈል የሚስማሙበትን ውል ከቁጥር 2610 ጀምሮ ይደነግጋል። ቤት፣ መጋዘን፣ የውኃ ጉድጓድና ሌሎች የማይንቀሳቀሱ ነገሮችን የሚመለከቱ ሥራዎችም በዚሁ ሕግ የራሳቸው ክፍል አላቸው።

ተቋራጩ የደረጃ ምስክር ወረቀት ያለው ድርጅት ይሁን በአካባቢው የሚታወቅ ግንበኛ፣ አናጢ ወይም ብረት ሠሪ፣ መሠረታዊው ደንብ አንድ ነው። በቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይጸናል። ተቋራጩ የተቀበለው ገንዘብ የሥራ ዋጋ እንጂ ስጦታ አይደለም፤ ሥራው ካልተሠራ በእጁ የሚያቆይበት ምክንያት አይኖረውም።

ውሉ በቃል የተደረገ ቢሆንስ? በቁጥር 1719 እንደተደነገገው ሕጉ በግልጽ የተለየ ፎርም ካልጠየቀ በቀር ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም አይባልም። ስለዚህ "ወረቀት የለኝም" ብሎ መብትን መተው ተገቢ አይደለም። ይሁን እንጂ "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" እንዲሉ፣ የቃል ውል ያለው ሰው ምን ያህል እንደከፈለ፣ ምን እንዲሠራለትና እስከ መቼ እንደተስማማ የማስረዳት ሸክሙ ይከብድበታል።

ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሰዎችን በተመለከተ ሕጉ ልዩ ጥበቃ አለው። በቁጥር 1728 መሠረት ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያስቀመጠው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ተቋራጩ ራሱ አዘጋጅቶ ባመጣው ወረቀት ላይ አሻራ እንዲያኖር የተጠየቀ አርሶ አደር ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። ደንቡ ለተቋራጩም እንዲሁ ስለሚሠራ፣ ማንበብ ከማይችል ባለሙያ ጋር የሚዋዋል ሰው ውሉን ማስረጋገጥ ይኖርበታል።

ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ አንድ አይደሉም

በገበያው ቋንቋ ከሥራ በፊት የሚሰጥ ማንኛውም ገንዘብ "ቀብድ" ሲባል ይሰማል። በሕግ ግን ልዩነት አለ። ቀብድ የውሉን መኖር ለማረጋገጥ የሚሰጥ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ አስቀድሞ የሚከፈል ድርሻ ነው።

ልዩነቱ የሚያስከትለው ውጤት ቀላል አይደለም። ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ከውሉ ለመውጣት ከፈለገ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መመለስ አለበት። ቅድሚያ ክፍያ ሲሆን የሚመለሰው የተከፈለው ገንዘብ ነው፤ ወለድና ኪሳራ በተጨማሪ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ በውሉም ሆነ በደረሰኙ ላይ ገንዘቡ ቀብድ መሆኑን ወይም ቅድሚያ ክፍያ መሆኑን በግልጽ ማስፈር ኋላ ከሚነሳ ክርክር ያድናል።

ማስረጃን በጊዜው መያዝ

ገንዘብ የማስመለስ ሥራ የሚጀምረው ከፍርድ ቤት ሳይሆን ከቤት ነው። የሚከተሉትን አንድ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፦

- የውሉ ወረቀት፣ የሥራ ዝርዝር፣ ንድፍ ወይም የዋጋ ማቅረቢያ ካለ፤
- የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ወይም የሒሳብ መግለጫ፤ ገንዘቡ በቴሌብር ተልኮ ከሆነ የማረጋገጫ መልእክቱ፤
- ተቋራጩ በእጁ የፈረመበት የገንዘብ መቀበያ፤
- ከተቋራጩ ጋር የተደረጉ የጽሑፍ መልእክት ልውውጦች፣ በተለይ ገንዘቡን መቀበሉን ያመነባቸውና ቀጠሮ የሰጠባቸው፤
- ገንዘቡ ሲሰጥ ወይም ውሉ ሲደረግ የነበሩ ምስክሮች ስምና አድራሻ፤
- ሥራው አለመጀመሩን የሚያሳይ ቀን ያለው ፎቶግራፍ።

በስልክ ላይ ያሉ መልእክቶች ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ በወረቀት ማሳተምና ስልኩንም ሳይሰርዙ ማቆየት ይመከራል። ገንዘብ የተላከበት የሒሳብ ባለቤት ስም ከውሉ ላይ ካለው ስም የተለየ ከሆነ፣ ለምሳሌ ውሉ ከድርጅት ጋር ተደርጎ ገንዘቡ በግለሰብ ሒሳብ ገብቶ ከሆነ፣ ይህን ለይቶ መመዝገብ ያሻል። ክስ ሲቀርብ ማን መከሰስ እንዳለበት የሚወሰነው በዚህ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጥንቃቄ ያልተሠራን ሥራ "ተሠርቷል" በሚል ወረቀት ላይ አለመፈረም ነው። "ከባንክ ገንዘብ እንዲለቀቅልኝ ብቻ ነው" ወይም "ለግብር ጉዳይ ነው" ተብሎ የተፈረመ የርክክብ ወረቀት በኋላ የአሠሪው ተቃራኒ ማስረጃ ይሆናል። በቁጥር 2005 እንደተደነገገው በጽሑፍ ሰነድ የሰፈረን ነገር በቃል ምስክር ማስተባበል በእጅጉ የተገደበ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የጉዳዩ ማጠፊያ

በተግባር ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 አንድ ተዋዋይ ሌላው ወገን ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ መብት ለመጠየቅ አስቀድሞ ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ እንዳለበት ይደነግጋል። በስልክ መጨቃጨቅና በገበያ መንገድ ላይ ማስቆም ሰው ቢያደክምም ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሲሆን ቀኑም፣ ይዘቱም፣ መድረሱም ይታወቃል።

ቁጥር 1774 ደግሞ አሠሪው በማስጠንቀቂያው ውስጥ የጊዜ ገደብ እንዲያስቀምጥና ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደማይቀበል እንዲገልጽ ይፈቅድለታል። ጊዜው እንደ ሥራው ዓይነት ተገቢ መሆን አለበት። የበርና የመስኮት ብረት ሥራን ለመጀመር የሚበቃው ጊዜ ቤት ሠርቶ ለመጨረስ አይበቃም። አንድ ቀን ብቻ ሰጥቶ "አልፈጸምክም" ማለትም ተገቢ ጊዜ አይባልም።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎችም አሉ። በቁጥር 1775 መሠረት ተቋራጩ ሥራውን እንደማይሠራ በጽሑፍ ካስታወቀ፣ በውሉ ላይ ማስጠንቀቂያ እንደማያስፈልግ ስምምነት ካለ፣ ወይም ሥራው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተሠራ ጥቅም የማይሰጥ ሆኖ ጊዜው ካለፈ ማስጠንቀቅ ግዴታ አይሆንም። ለበጋ መስኖ እንዲደርስ የታዘዘ የውኃ መሳቢያ ተከላ የመስኖው ወቅት ካለፈ በኋላ ቢቀርብ ለዚያ ዓመት ሰብል አይጠቅምም። ይህ እንዲታወቅ ግን ወቅቱ በውሉ ላይ መስፈሩ ይመረጣል። ጥርጣሬ ካለ ማስጠንቀቂያ መስጠቱ ይሻላል፤ ጉዳት የለውም።

ማስጠንቀቂያው ረጅም መሆን አይጠበቅበትም። የሚከተለው ቅርጽ ለአብዛኛው ጉዳይ ይበቃል፦

"ለ (የተቋራጩ ሙሉ ስምና አድራሻ)
ጉዳዩ፦ በውሉ መሠረት ሥራ እንዲፈጽሙ ስለመጠየቅ
(ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት) ባደረግነው ውል (የሥራው ዓይነትና ቦታ) ሠርተው እስከ (ቀን) ሊያስረክቡ ተስማምተው በቅድሚያ ብር (መጠን በአኃዝና በፊደል) ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ድረስ ሥራውን አልጀመሩም። ስለዚህ ይህ ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ባሉት (የቀናት ብዛት) ቀናት ውስጥ ሥራውን እንዲፈጽሙ እጠይቃለሁ። በተሰጠው ጊዜ ካልፈጸሙ ሥራውን የማልቀበል መሆኑንና ውሉን ሰርዤ ገንዘቤን ከነወለዱና ከደረሰብኝ ኪሳራ ጋር በሕግ የምጠይቅ መሆኑን አስታውቃለሁ።
(ስም፣ ፊርማ፣ ቀን)"

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። አንዱ ለተቋራጩ ሲሰጥ፣ በሌላው ላይ "ደርሶኛል" ብሎ ይፈርማል። አልፈርምም ካለ ሲሰጠው ያዩ ሁለት ሰዎች በቅጂው ላይ ቀኑን ጠቅሰው ይፈርማሉ። ተቋራጩ በሌላ ከተማ ከሆነ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ መላክና የመላኪያውን ደረሰኝ መያዝ ይቻላል።

ውሉን መሰረዝና የሚጠየቀው ገንዘብ

በማስጠንቀቂያው የተሰጠው ጊዜ ካለፈ በኋላ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ሥራው እንዲሠራ መጠየቅ ነው። በቁጥር 1777 መሠረት ፍርድ ቤት ሥራውን በተቋራጩ ኪሳራ በሌላ ሰው ለማሠራት ሊፈቅድ ይችላል። ሁለተኛው ውሉን ሰርዞ ገንዘቡን ማስመለስ ነው። ቁጥር 1787 በማስጠንቀቂያ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ግዴታው ካልተፈጸመ ሌላኛው ወገን የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይጠብቅ ውሉን ሊሰርዝ እንደሚችል ያስቀምጣል። ገንዘቡ የጠፋ በሚመስልበት ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ይህንን ነው።

ውል ሲሰረዝ በቁጥር 1815 መሠረት ተዋዋዮቹ ውሉ ባይደረግ ኖሮ ይሆኑ ወደነበረበት ሁኔታ ይመለሳሉ። ምንም ሥራ ካልተሠራ የተከፈለው ገንዘብ በሙሉ ይመለሳል። ጥቂት ሥራ ተሠርቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመሠረት ቁፋሮ ብቻ ተከናውኖ ከቀረ፣ የተሠራው ሥራ ግምት በባለሙያ ተጠንቶ ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ሠራተኛ አስገብቶ ቦታውን ከመቀየር በፊት ያለውን ሁኔታ በፎቶግራፍና በምስክር መመዝገብ ያስፈልጋል።

ከዋናው ገንዘብ በተጨማሪ ወለድ ይጠየቃል። በቁጥር 1751 እና 1803 መሠረት ገንዘብ ለመክፈል የዘገየ ባለዕዳ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይከፍላል። ለምሳሌ ሊመለስ የሚገባው ቅድሚያ ክፍያ 100,000 ብር ቢሆን ወለዱ በዓመት 9,000 ብር፣ በወር 750 ብር ይሆናል። ክፍያው ለ18 ወራት ቢዘገይ 13,500 ብር ወለድ ይታሰባል፤ ጠቅላላው 113,500 ብር ማለት ነው።

ኪሳራም ሊጠየቅ ይችላል። በቁጥር 1790 እና 1791 መሠረት ውል ያልፈጸመ ወገን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት መኖሩን ካላስረዳ በቀር፣ ለደረሰው ጉዳት ይከፍላል። የሲሚንቶ መወደድ ወይም የሠራተኛ መጥፋት በራሱ ከዐቅም በላይ ነው አይባልም። ነገር ግን ኪሳራ በግምት ብቻ አይገኝም። ቆርቆሮ ባለመመታቱ ዝናብ ያበላሸው እህል፣ ለሌላ ቤት የተከፈለ ኪራይ፣ ሥራውን ለሌላ ባለሙያ ሲሰጥ የታየ የዋጋ ጭማሪ በደረሰኝና በምስክር መረጋገጥ አለበት። ተዋዋዮቹ አስቀድመው በቁጥር 1889 መሠረት ውሉ ባይፈጸም የሚከፈል መቀጫ ወስነው ከሆነ ግን የጉዳቱን መጠን የማስረዳት ድካም ይቀራል።

ሽምግልና መቼ ይጠቅማል

በገጠርም ሆነ በከተማ ከፍርድ ቤት በፊት ሽማግሌ መላክ የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። ወጪ ይቀንሳል፣ ጉርብትናን ያተርፋል። ሆኖም ከሽምግልና የሚገኘው ትልቁ ጥቅም "እሺ፣ እከፍላለሁ" የሚለው ቃል ሳይሆን ቃሉ የሰፈረበት ወረቀት ነው።

ተቋራጩ በሽማግሌ ፊት ገንዘቡን መቀበሉን፣ ሥራውን አለመሥራቱንና በምን ያህል ጊዜ እንደሚመልስ አምኖ ከፈረመ ሰነዱ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። አንደኛ፣ የዕዳ ማመኛ ስለሚሆን በክስ ጊዜ ክርክሩን ያሳጥራል። ሁለተኛ፣ በቁጥር 1851 መሠረት ዕዳን ማመን የይርጋ ጊዜን ያቋርጣል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 ከውል የሚመነጭ መብት፣ በሕግ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር፣ በ10 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ሽማግሌ መላክ ብቻውን ይህን ቆጠራ አያስቆምም፤ የባለዕዳው እምነት ወይም ክስ መቅረቡ ግን ያቋርጠዋል።

በሽምግልና ወቅት ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ማለቂያ የሌለው ቀጠሮ ነው። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ያፈረሰ ተቋራጭ ሦስተኛ ቀጠሮ ሲጠይቅ ዋስ እንዲያቀርብ ወይም ከገንዘቡ ከፊሉን በዕለቱ እንዲከፍል መጠየቅ የጉዳዩን ቁም ነገር ይለያል።

ክስ የት፣ እንዴት ይቀርባል

በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 24 ውልን የሚመለከት ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ለአሠሪው ትልቅ እፎይታ ነው። ተቋራጩ ወደ ሩቅ ከተማ ቢሄድም ጉድጓዱ ሊቆፈር ወይም ቤቱ ሊሠራ በነበረበት ወረዳ መክሰስ ይቻላል። የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት በሚሠራባቸው አካባቢዎች አነስተኛ የገንዘብ ክርክር በዚያ ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለወረዳ ፍርድ ቤት፣ ከፍ ያለ መጠን ያለው ደግሞ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የገንዘብ ጣሪያው በየክልሉ ሕግ ስለሚወሰን የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር አስቀድሞ መጠየቅ ድካም ይቀንሳል።

የክስ ማመልከቻው የከሳሽንና የተከሳሽን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የውሉን ፍሬ ነገር፣ የተከፈለውን ገንዘብ፣ የማስጠንቀቂያውን ቀንና የሚጠየቀውን ዳኝነት ለይቶ መግለጽ አለበት። የሰነድና የሰው ማስረጃ ዝርዝር አብሮ ይያያዛል። ወለድ፣ ኪሳራና የክርክር ወጪ ካልተጠየቁ ፍርድ ቤቱ በራሱ አይጨምራቸውም፤ በማመልከቻው ላይ አንድ በአንድ መጠቀስ አለባቸው።

ክሱን የሚያፋጥኑና ገንዘቡን የሚጠብቁ አራት መንገዶች አሉ፦

አንደኛ፣ ተቋራጩ የፈረመበት የዕዳ ማመኛ ወይም መጠኑ የታወቀ ዕዳን የሚያሳይ ሰነድ ካለ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስ ይቻላል። በዚህ መንገድ ተከሳሹ ለመከላከል አስቀድሞ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ በቂ ምክንያት ካላቀረበ ፍርዱ ሳይዘገይ ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ ተቋራጩ ንብረቱን ለመሸጥ ወይም ከአካባቢው ለማሸሽ እየተዘጋጀ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ካለ፣ ከፍርድ በፊት ንብረቱ እንዲያዝ ከቁጥር 151 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት ማመልከት ይቻላል። መኪና፣ የግንባታ ማሽን ወይም የባንክ ሒሳብ ሊያዝ ይችላል። ጥያቄው በሐሜት ሳይሆን በቃለ መሐላና በማስረጃ የተደገፈ መሆን ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው ከቁጥር 467 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት ሳይከፍል እንዲከስ እንዲፈቀድለት መጠየቅ ይችላል። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች ለዐቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

አራተኛ፣ ተከሳሹ ከተሰወረ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በጋዜጣ ሊጠራ ይችላል። ተጠርቶ ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። መጥፋቱ ከፍርድ አያድነውም።

ወደ ፖሊስ መሄድ የሚገባው መቼ ነው

"ገንዘቤን በልቷልና ይታሰርልኝ" የሚል አቤቱታ ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ የተለመደ ነው። ነገር ግን ውል አለመፈጸም ሁሉ ወንጀል አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን ለመፈጸም ባለመቻሉ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። የከሰረ ተቋራጭና አታላይ ተቋራጭ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

ጉዳዩ ወደ ወንጀል የሚሻገረው ተንኮል ሲኖርበት ነው። ሐሰተኛ የንግድ ፈቃድ ወይም መታወቂያ አሳይቶ ገንዘብ የተቀበለ፣ የሌለውን ማሽን ወይም ድርጅት አለኝ ብሎ ያሳመነ ሰው በ1996 ዓ.ም በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 በማታለል ሊከሰስ ይችላል። ቅጣቱም በቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ 5 ዓመት ሊደርስ በሚችል ጽኑ እስራትና በመቀጮ ነው። ለአሠሪው ሥራ የተረከበውን ሲሚንቶና ብረት ለራሱ የሸጠ፣ ወይም ለተለየ ዓላማ በአደራ የተሰጠውን ገንዘብ ለግሉ ያዋለ በአንቀጽ 675 በእምነት ማጉደል ሊጠየቅ ይችላል። ገንዘቡን እመልሳለሁ ብሎ በተለምዶ "ደረቅ ቼክ" የሚባለውን፣ በባንክ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ የሰጠ ደግሞ በአንቀጽ 693 ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ቼክ የተሰጠው ሰው ቼኩን ለባንክ አቅርቦ ባንኩ ስንቅ አለመኖሩን የገለጸበትን ማስረጃ መያዝ አለበት።

በወንጀል ክስ ተቋራጩ ቢቀጣም ገንዘቡ በራሱ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ የወንጀሉ ምርመራ እስኪያልቅ ብሎ የፍትሐ ብሔሩን ክስ ማዘግየት አይመከርም።

ፍርድ ከተገኘ በኋላ

ፍርድ አግኝቶ አፈጻጸም ያልጠየቀ ሰው ነገሩ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይሆንበታል። ፍርድ ቤት ፍርዱን የሚያስፈጽመው የፍርድ ባለመብቱ ሲያመለክት ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 378 መሠረት የሚቀርበው የአፈጻጸም ማመልከቻ የባለዕዳውን ንብረት ለይቶ ሲጠቁም ሥራው ይፈጥናል። የመኪና ሰሌዳ ቁጥር፣ የቤት ካርታ ያለበት ማዘጋጃ ቤት፣ ገንዘብ የተላከበት የባንክ ሒሳብ፣ ከሌላ አሠሪ ሊከፈለው ያለ ገንዘብ ሁሉ መረጃ ነው። ይህን መሰብሰብ የሚቀለው ግንኙነቱ ሳይሻክር በፊት መሆኑ ግልጽ ነው።

ሁሉም ንብረት አይያዝም። ለዕለት ኑሮ የግድ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፣ ለሙያው የግድ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎችና ከደመወዝ የተወሰነው ክፍል በሕግ የተጠበቁ ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ በመሆኑ ባለዕዳው የሚያርሰው የገጠር መሬት በሐራጅ አይሸጥም። በፍርዱ ቅር የተሰኘ ወገን በ60 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይችላል፤ ይግባኝ መጠየቁ ብቻውን ግን፣ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ካላገደ በቀር፣ አፈጻጸምን አያቆምም። ፍርዱ ራሱም በ10 ዓመት ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይቀራል።

ከመክፈል በፊት

"ሳይቃጠል በቅጠል" እንደሚባለው፣ ከላይ የተዘረዘረውን ድካም የሚያስቀሩ ጥቂት ጥንቃቄዎች አሉ።

የተቋራጩን መታወቂያ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማየትና ቅጂውን መያዝ፤ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ከንግድ ጽሕፈት ቤት ማጣራት፤ ቀድሞ የሠራውን ሥራ ሄዶ ማየትና ያሠራውን ሰው መጠየቅ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በውሉ ላይ የሥራው ዓይነት፣ ልኬት፣ የዕቃው ጥራት፣ የመጀመሪያና የማስረከቢያ ቀን እንዲሁም ቢዘገይ የሚከፈል መቀጫ ይሰፍራል።

ክፍያን በሥራ ደረጃ መክፈል ከሁሉ የላቀ መከላከያ ነው። መሠረት ሲወጣ ይህን ያህል፣ ግድግዳ ሲቆም ይህን ያህል፣ ቆርቆሮ ሲመታ ይህን ያህል ተብሎ ከተከፋፈለ፣ ተቋራጩ ቢቀር የሚጠፋው የአንድ ደረጃ ገንዘብ ብቻ ይሆናል። ለዕቃ መግዣ ገንዘብ ከተጠየቀ አሠሪው ራሱ ገዝቶ ቢያቀርብና በፊርማ ቢያስረክብ ይሻላል። ገንዘብ በእጅ ከመስጠት በባንክ ማስተላለፍና "ለምን እንደተከፈለ" በሚለው ቦታ ላይ ምክንያቱን መጻፍ ምስክር የማያስፈልገው ማስረጃ ይሆናል።

ዋስ የሚጠራ ከሆነም በሕጉ መሠረት መሆን አለበት። በቁጥር 1922 እንደተደነገገው የዋስትና ውል በጽሑፍ ካልተደረገና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰ ዋጋ የለውም። "እኔ አለሁለት" ብሎ በቃል የተናገረ ጎረቤት፣ ወይም መጠኑ ባልተጻፈበት ወረቀት ላይ የፈረመ ዘመድ በፍርድ ቤት አይያዝም። ዋሱ "በአንድነትና በነጠላ" ተብሎ ከፈረመ ባለገንዘቡ ተቋራጩን አስቀድሞ ሳይከስ ዋሱን መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ካልተጻፈ ዋሱ "አስቀድሞ ዋናው ባለዕዳ ይጠየቅ" ሊል ይችላል።

በማኅበር ወይም በቀበሌ መዋጮ የሚሠራ ሥራ ከሆነ የብዙ ሰው ገንዘብ ስለሆነ ጥንቃቄው የበለጠ መሆን አለበት። ውሉን የሚፈርሙት በቃለ ጉባኤ የተወከሉ ሰዎች መሆናቸው፣ ክፍያ ከአንድ በላይ ፈራሚ እንዲወጣ መደረጉና ለቅድሚያ ክፍያው ተመጣጣኝ የባንክ ዋስትና መጠየቁ አባላቱን ከተቋራጩም፣ እርስ በርስ ከመጠራጠርም ያድናል።

ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፍሎ ሥራው የቀረበት ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከመጠበቅ ይልቅ ቀን የተጻፈበትን ማስጠንቀቂያ መስጠት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩ ከስልክ ንግግር ወጥቶ በሕግ የሚታይ መብት ይሆናል።